ቆስጣ በብርድ አገር መቼ ይዘራ?

(በነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ማብራሪያ)



የዛሬው ጉዳያችን የቆስጣ ዘር ነው። ከወር መዋጮአችን የተገዛው ዘር ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 5 ይታደላል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ተቆልፎበት እስከ የካቲት ለማንም አይሰጥም ብለን ወስነናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጎረቤቶች «ገንዘቡ የኛ፣ ጓሮው የኛ፤ ምን አግብቷችሁ ትከለክሉናላችሁ?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን በግልጽ እንናገራለን።

እንደሚታወቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ከተማችን በብርድ ልብስ ስሟ የተነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ደግሞ የመሬቱን ሙቀት የሚይዝ ደመና ስለማይኖር ውርጭ ይጥላል። ይህም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው «ቆስጣ ብርድ አይችልም» ይላል። ኧረ ይችላል! ሥር የሰደደና ቅጠሉ የሞላ ቆስጣ ቀላል ውርጭ ቢመታው ረፋዱ ላይ ቀና ይላል። የሚጎዳው ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣው ችግኝ ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ዘሩ ለመብቀል ይዘገያል፤ የበቀለውም ባለበት ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ውርጩ ሳይገባ ተክሉን ማሳደግ ነው።

አብረን እንቁጠር። ቆስጣ ለመቆረጥ 60 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በብርድ አገር ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ነሐሴ 25 የተዘራው፣ አምስቱን የጳጉሜ ቀን ጨምረን፣ በጥቅምት መጨረሻ 70 ቀን ይሞላዋል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ፣ ቅጠል ፈላጊ በገበያ በሚበዛበት ሰዓት፣ የኛ ቅጠል ጓሮአችን ውስጥ ነው ማለት ነው። በኅዳር የተዘራው ግን ዝናብ የለውም፤ ውሃ ከቦኖ ተቀድቶ ይጠጣል፤ ከዚያም በታኅሣሥ ውርጭ ይመታዋል። ዘሩም ባከነ፣ ውሃውም ባከነ። መዋጮው የሁላችን ስለሆነ ይህን ዝም ብለን ማየት አንችልም።

አሁን ስለ አዘራሩ። በነሐሴ መሬቱ ውሃ ስለሚይዝ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩበት። እበቱ ሁሉ ኩበት እየሆነ ለማገዶ ይሄዳል የምትሉ፣ የጓዳውን የአትክልት ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ አጠራቅማችሁ አበስብሱ። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ቆስጣ የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ አንዱ ፍሬ በውስጡ ብዙ ዘር ስላለው ሁለት ሦስት ችግኝ ሊያወጣ ይችላል። ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን ንቀሉ፤ በየችግኙ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር። የተነቀለውም ወጥ ውስጥ ይገባል እንጂ አይጣልም።

ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ መደቡ ጎድጓዳ ቦታ ላይ አይሁን። በውርጭ ወራት ውሃ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ማታ ጭድ ወይም ጆንያ አልብሱት፤ ጠዋት ግለጡት። ቅጠሉ በውርጭ ደርቆ ሳለ አትንኩት፤ እስኪፈታ ጠብቁ። ስትቆርጡም ከዳር ከዳር ያለውን ብቻ ቁረጡ፤ ልቡን ከተዋችሁለት ደጋግሞ ይሰጣችኋል።

ገበያ ላይ ቆስጣን ስፒናች የሚለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ስፒናች ግን ቅጠሉ አነስ ያለ ሌላ ተክል ነው፤ ከ40 እስከ 50 ቀን ይደርሳል፤ ውርጭም ከቆስጣ የበለጠ ይችላል። ዘሩን በራሳችሁ ያገኛችሁ እስከ መስከረም አጋማሽ ብትዘሩት ይሆናል።

ነሐሴ ያመለጠው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የካቲት ገብቶ ውርጩ ሲለቅ የቀረውን ዘር አውጥተን እናድላለን። ጓሮ የሌላችሁ ተከራዮች አሮጌ ገንዳ ወይም አፈር የተሞላ ጆንያ ይበቃችኋል፤ እናንተም የመዋጮው ባለቤት ናችሁ። መቆፈር ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ ወጣቶች መደቡን እንድታዘጋጁላቸው አደራ እንላለን።

ዘሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይሰጣል። ለአንድ ቤት አንድ ድርሻ ነው።