ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጣዕም ሲጠፋ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ከሁለታችን አንዱ በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ስለወጣ፣ የምታነብላችሁ ባለ ድምፅዋ ናት።

አምና በአንድ ለቅሶ ቤት የቀረበው ንፍሮ ሳይቀመስ ቢመለስ «ናቁን» ተባልን። ንቀት አልነበረም፤ እህሉ አፍ ውስጥ ገለባ እየሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ መድረስ እስከ መተው ደርሰን ነበር። የእድር ሰው ከለቅሶ ከቀረ ደግሞ ምን ቀረው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንቁርቱ የወጣለት ሰው የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። አየር በአፍንጫ ካላለፈ ሽታ የለም። ምላስ ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ኮምጣጣውንና መራራውን ይለያል፤ ሽሮን ከምስር፣ ቅቤን ከዘይት በመለየት ግን ትልቁ ድርሻ የአፍንጫ ነው። የጨረር ሕክምና ሲጨመርበት ምላስም ይጎዳል፣ ምራቅም ይደርቃል። የምላሱ ጉዳት በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል።

ታዲያ ምን በጀን? አንደኛ፣ የሆላንድ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ልምምድ አለ። ከንፈርን ገጥሞ፣ በሰው ፊት ማዛጋቱን እንደሚደብቅ ጨዋ ሰው፣ አገጭንና ምላስን ወደ ታች መሳብ ነው። ያን ጊዜ ጥቂት አየር በአፍንጫ ይገባል። ደጋግመን ስንሞክር አንድ ጠዋት የሚቆላው ቡና ሸተተ። ሁለታችንም አለቀስን።

ሁለተኛ፣ ጣዕም ጠፋ ተብሎ ጨው አይበዛም፤ ለደም ግፊት ይዳርጋል። አፍ ካልቆሰለ ጥቂት ሎሚ ይሻላል። የበርበሬ ማቃጠልም በአፍ ስለሚሰማ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የጋዝ መፍሰስና የወጥ መበላሸት በአፍንጫ ስለማይታወቅ፣ ሲሊንደሩን ዘግቶ መተኛት፣ የቆየ ወጥ ለሌላ ሰው ማሽተት ያስፈልጋል። በርበሬ ሲታመስም ጢሱ በአንገት ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ራቅ ማለት ነው።

አንድ ነገር እንለምናችኋለን። እንዲህ ያለ ሰው «በቃኝ» ሲል በጉርሻ አታስጨንቁት፤ አኮረፈም አትበሉት። ከአጠገቡ ተቀመጡ፣ ይበቃዋል። እኛም ወደ ለቅሶው ተመልሰናል። ንፍሮውን ባንጨርሰው እንኳ ከድንኳኑ አንቀርም።

እግዚአብሔር እድራችንን ያጽናልን።