መሐንዲሱና የሕግ ትምህርት፤ ጠቅላላው ወይስ የግንባታው?



በሙያው ዐሥር ዓመት ያህል የቆየ መሐንዲስ፣ ከሲሚንቶና ከብረት ይልቅ የካሳ ጥያቄና የጊዜ ማራዘሚያ ክርክር ቀኑን እየበላበት ሲሄድ ሕግ መማር ያምረዋል። ያን ጊዜ ሁለት በር ይታየዋል፤ አንደኛው ኤል.ኤል.ኤም. የሚባለው ጠቅላላ የሕግ ማስተርስ ዲግሪ፣ ሁለተኛው በግንባታ ሕግ ላይ ብቻ የተመሠረተው ልዩ ጥናት ነው።

የመጀመሪያው በር ለአብዛኛው መሐንዲስ የተዘጋ ነው፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድሞ የተገኘ የሕግ ዲግሪ ይጠይቃሉና። ሁለተኛው ግን ለእርሱም ታስቦ የተከፈተ ነው። በሎንዶን ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1987 የግንባታ ሕግ ማእከልን ያቋቋሙት ፕሮፌሰር ጆን አፍ ራሳቸው መሐንዲስም ጠበቃም ነበሩ፤ ትምህርቱም የሕግ ሰውንና የግንባታ ባለሙያን በአንድ ክፍል ያስቀምጣል።

እንግዲህ ምርጫው ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ልዩ ጥናቱ የሚሰጥበት አገር ሕግ ከትምህርቱ ጋር ተጣብቆ እንደሚመጣ ብዙ ተማሪ አያስተውልም። እ.ኤ.አ. በ1956 የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት የወሰነው የዴቪስና የፌርሃም ክርክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተቋራጩ 78 ቤቶችን በ8 ወር ሠርቶ ለማስረከብ ተዋውሎ፣ በተለይ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት 22 ወር ፈጀበት። ውሉ ቀርቶ ለሥራው ተገቢው ዋጋ ይታሰብልኝ ቢልም አልተሳካለትም፤ ሥራው ከታሰበው በላይ መክበዱና መወደዱ ብቻውን ውልን አያስቀርም ተባለ። ፊዲክ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው የመጀመሪያው የውል ቅጽም ከዚያው ከእንግሊዝ ልማድ የተቀዳ ነው።

ይህን ተምሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ መሐንዲስ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውሎ የዋጋ ንረት ያደቀቀው የመንገድ ተቋራጭ ምክር ቢጠይቀው ምን ይላል? ውሉን ይገልጣል፤ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያጣል፤ ዴቪስን አስታውሶ «ተስፋ የለህም» ብሎ ያሰናብተዋል። ሰውየውም ማሽኑን ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። መካሪው ያነበበውን በደንብ አንብቧል፤ ያላነበበው የአገሩን ሕግ ነው።

ሬኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ተራ ውል በቁጥር 1763 ከእንግሊዙ የማይርቅ ነገር ይናገራል። በአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውል ላይ ግን ከቁጥር 3183 ጀምሮ ሌላ ሥርዓት አለ፤ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ያናጋበት ተቋራጭ መሥሪያ ቤቱ እንዲረዳው ሊጠይቅ ይችላል። የሐሳቡ ምንጭ የፈረንሳይ የአስተዳደር ሕግ ነው፤ በዚያም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1916 የቦርዶ ጋዝ ኩባንያ የድንጋይ ከሰል ዋጋ ስለ ናረበት ባስወሰነው ጉዳይ ነው።

የአገሩን ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪው የተማረ ጠበቃ ይህ አደጋ እምብዛም አያሠጋውም፤ ወደ ግንባታው ጥናት በቀጥታ ቢገባ ይጠቀማል። የሚሠራበትን ዘርፍ ገና ያልለየ ወጣት ጠበቃ ግን ጠቅላላውን ቢመርጥ አይነቀፍም። መሐንዲሱም ቢሆን ልዩውን ይያዝ፤ ነገር ግን ማመልከቻውን ከመላኩ በፊት የትምህርቱን ዝርዝር አስመጥቶ የማን አገር ሕግ እንደሚያስተምር ይመልከት። የእንግሊዝ ብቻ ሆኖ ካገኘው፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1675 እስከ 2026 እና ከ3131 እስከ 3306 ያለውን በሻንጣው ይዞ ይሂድ፤ ማታ ማታም ከክፍሉ ትምህርት ጋር እያስተያየ ያንብበው።