ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ የማን ነው?

(ባለፈው ወር ዲራ ውስጥ ባደረግነው የዓርብ ስብሰባ ላይ የባሕር ዳር ልጅ የሆነች አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ላልመጡት እህቶች እንዲደርስ፣ አነጋገሯን ብዙም ሳንነካ አትመነዋል።)

እህቶቼ፣ ዓርብ እረፍት አግኝታችሁ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ያልተፈቀደላቸው እህቶቻችንም በስልክ እየሰሙን ነው፤ ለእነሱም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

የዛሬው ርዕስ የሐይቅ ዳር ቦታ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ያለነው ሪያድ ነው። ከዚህ ተነስቶ ባሕር ለማየት ደማም ድረስ እንኳ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በነዚህ ወራት ከዕቁቡ ቀጥሎ እዚህ ብዙ የተወራው ምንድን ነው? «ጣና ዳር ቦታ ተገኝቷል፣ በማኅበር ሪዞርት ይሠራል፣ አንድ ሼር ግዙ» የሚለው አይደል? በኢሞ ይመጣል፣ በዋትስአፕ ይመጣል፤ ሥዕሉም ያምራል። ዘንባባ አለ፣ መዋኛ አለ፣ ጃንጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ከመካከላችን የከፈለች አለች፤ ልትከፍል የምታስብም አለች። እኔም ስሜን አስመዝግቤያለሁ። የሚጠይቁኝ ገንዘብ የሁለት ዓመት ደሞዜ ነው። እስካሁን አልከፈልኩም። ለምን እንዳልከፈልኩ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ባለፈው ለእረፍት አገር ስገባ እናቴን «ነይ ጣና ዳር ወስጄ ቡና ልጋብዝሽ» አልኳት። እናቴ ጣና ዳር ያደገች ናት። በልጅነቷ ውኃ የቀዳችበት፣ ልብስ ያጠበችበት፣ እኛንም አዝላ የወረደችበት ቦታ ነው። በባጃጅ ሄድን። ድሮ በእግር የምንወርድበት ቦታ ላይ አጥርና በር ተሠርቷል። ጥበቃው «እማማ፣ ሳይታዘዝ መግባት አይቻልም» አላት። «ውኃውን አይቼ ልመለስ ነው» አለችው። «ያው ነው፣ መጀመሪያ ማዘዝ አለብዎት» አላት። እናቴም «አንተ ልጅ፣ ሐይቁን ከማን ገዛችሁት?» አለችው። ልጁ አፈረ። እኔ ሪያል መንዝሬ የመጣሁ ስለሆንኩ ከፍዬ ማስገባት እችል ነበር። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች፤ ወደ ቤት ተመለስን።

የቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ልጁም ቢሆን የታዘዘውን ነው የሠራው። እኛም በሰው ቤት በር ላይ ቆመን «ማዳም የለችም» በሉ የተባልን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ነገር ግን ሪያድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ሼር ልገዛበት ያሰብኩት ሪዞርትም እንደዚሁ በር ይኖረዋል። በሩ ላይ የሚቆመውን ልጅ ደሞዝ የምከፍለው እኔ ነኝ። የሚመለሱት ደግሞ የሌላ ሰው እናት ናቸው።

አንድ ነገር ግን በሚዛን እንይ። «ሆቴል አይሠራ» የምል ሰው አይደለሁም። ብዙዎቻችን ከአገር የወጣነው ሥራ አጥተን ነው። ሆቴል ሲከፈት አስተናጋጅ፣ ምግብ አብሳይ፣ አልጋ አንጣፊ፣ አትክልተኛ፣ ጀልባ ነጂ እንጀራ ያገኛል። እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳማት ሲሄድ የጀልባ ማኅበራት ይጠቀማሉ። ባለቤት የሌለው ዳርቻም ገነት አልነበረም፤ ቆሻሻ የሚደፋበት፣ ሲመሽ ሴት ልጅ የማታልፍበት ቦታ እንደነበር እናውቃለን። መብራት፣ ጥበቃ፣ መጸዳጃ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ልማት ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ከውኃው ጠርዝ እስከ ሆቴሉ ግድግዳ ያለችው መሬት የማን ትሁን? ጥያቄው ይኼ ነው።

ያቺ መሬት ጠባብ ብትመስልም ብዙ ሥራ አላት። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከባሕር ዳር አጠገብ ከእሱ ይወጣል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ዳርቻው ላይ የሚበቅለው ደንገል ከእርሻ በጎርፍ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣም እዚያው ረግረጉ ውስጥ ይራባል። ደንገሉ ተቆርጦ በአፈርና በድንጋይ ሲሞላ የሚጎዳው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ አጥማጁም ገበያው ይቀርበታል። የነገደ ወይጦ ሰዎችን አስቡ። ታንኳ የሚሠሩት ከዚያው ደንገል ነው፤ ኑሯቸው ከዳርቻው ጋር የተያያዘ ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ከውኃው እየራቁ የሄዱት እነሱ ናቸው። እኛ ሥዕል ላይ «ባዶ ቦታ» ብለን የምናየው ለሌላ ሰው መተዳደሪያው ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ገንዘባችንን የሚመለከተውም እሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ባለሀብት የሚያገኘው ሊዝ ነው፤ ለተወሰነ ዘመን፣ ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥ የመጠቀም መብት። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በ2004 ዓ.ም. የወጣው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ደላላ «የሐይቁ ዳር የናንተ ይሆናል» ሲላችሁ፣ ሕጉ የማያውቀውን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። ደግሞ አንቀጽ 92 ሕዝቡ እሱን የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመስጠት ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። እናቴን የጠየቃት ሰው ግን የለም። እኛንም የጠየቁን ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው።

«ታዲያ ሌላ ቦታ እንዴት ነው?» ትሉ ይሆናል። ከአገራችን ሐዋሳን እዩ። እዚያም ትልልቅ ሪዞርቶች ሐይቁ ዳር አሉ። ግን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል ሰው ምንም ሳይከፍል በውኃው ዳር ይንሸራሸራል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይፈታል፣ ሕፃናት ለአሞራው የዓሣ አንጀት ይወረውራሉ፣ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት አደባባይ ሆኖ አለ። ባለሀብቱም ሕዝቡም በአንድ ሐይቅ ይጠቀማሉ ማለት ነው። ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ደግሞ ሐይቆቹ ብዙ ናቸው፤ ባቦጋያ ዳር ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃውን የምታዩት በሎጅና በሪዞርት በር ገብታችሁ ነው። ሆራ አርሰዲ የተለየ ነው፤ ሕዝቡ ለኢሬቻ ይወርድበታልና። ከዚህ የተረዳሁት፣ ሕዝብ የሚጠቀምበትና የሚያከብርበት ዳርቻ ለማጠር ይከብዳል። የተረሳ ዳርቻ ግን በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይዞርበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤይሩት ልውሰዳችሁ፤ ከመካከላችን እዚያ ሠርተው የመጡ እህቶች አሉ፣ እነሱ ይመሰክራሉ። ሊባኖስ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላት። የባሕሩ ማዕበል በክረምት ርቆ የሚደርስበት ድረስ ያለው ዳርቻ የሕዝብ ነው ይላል። ቆንጆ ሕግ ነው። ነገር ግን በዳርቻው ላይ የግል መዝናኛ እየተደረደረ ሄዶ ዛሬ ቤይሩት ውስጥ ያለ ገንዘብ አሸዋ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ራምሌት አል ባይዳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በግል መዝናኛዎቹ ውስጥ ደግሞ የኛ እህቶች ልጅ ይዘው ሲገቡ «ሠራተኛ መዋኛው ውስጥ አትገባም» ተብለዋል። ልጁ ይዋኛል፣ እሷ በዩኒፎርም ፎጣ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ነገሩ ብዙ ከተወራበት በኋላ የአገሪቱ ቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 እ.ኤ.አ. የባሕር መዝናኛዎች ሰው በዘርና በአገር እንዳይለዩ ማሳሰቢያ አወጣ። ከዚያ ወዲያም ክልከላው እንዳልቆመ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጽፈዋል። ወረቀት ላይ የሕዝብ የሆነ ዳርቻ፣ በሩ በግል እጅ ከገባ፣ ማን ሰው እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚወስነው በረኛው ይሆናል። ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ወዳለንበት እንመለስ። ከሪያድ በስተ ምዕራብ የሚያልፈው ዋዲ ሐኒፋ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሸለቆ ነው። ቀድሞ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ አፈርና ድንጋይ የሚቆፈርበት ነበር። የከተማው አስተዳደር ብዙ ዓመት ሠርቶ አጸዳው፤ የከተማውን ፍሳሽ በድንጋይና በተክል እያጣራ የሚያወርድ ሥራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ከማዳሞቻችን ጋር የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሻይ ተፈልቶ፣ ፓኪስታኒውም ሱዳኒውም ከዘምባባው ሥር ይቀመጣል። እዚሁ ዲራ ውስጥም፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቀስር አል ሑክም ሜትሮ ጣቢያ በላዩ ትልቅ ጥላ ያለው አደባባይ አለው። ዛሬ ስንመጣ ጥቂቶቻችን እዚያ አረፍ ብለን አይደል የተጠባበቅነው? «ምን አዘዛችሁ?» ያለን የለም። ኢቃማ ይዞ የሚኖር ሠራተኛ በሰው ከተማ በነፃ የሚቀመጥበት ቦታ ካገኘ፣ እናቴ በገዛ አገሯ ውኃ ዳር መቀመጫ አታጣም።

እንግዲህ ሐሳቤን ልጠቅልል። ለኔ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ የሚለካ፣ ያልተቋረጠ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ የሚሄድበት መሬት ይከበር። ደንገሉ ያለበት ደንገሉ ይቆይ። ሆቴሉ ከዚያ ጀርባ ይሠራ፤ ወንበሩን ደርድሮ ይሽጥ፣ ያትርፍ። በሆቴልና በሆቴል መካከልም ወደ ውኃው የሚያወርድ የእግር መንገድ ይተው። በዚህ ሆቴሉ አይከስርም፤ እንግዳም የሚመጣው ሕይወት ያለበትን ዳርቻ ለማየት ነው። የኮሪደር ልማት ባሕር ዳርም ገብቷል፤ ይህ ጥያቄ መነሳት ያለበት አሁን ነው፤ ግንብ ከቆመ በኋላ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ማንኛችንም አንድ ሪያል ከመላካችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ሊዙ በማን ስም ነው? የካርታውን ቅጂ ብቻ አይተን አንመን። አገር ቤት ያለ የምናምነው ዘመድ ከተማ አስተዳደሩ መሬት ክፍል ሄዶ በአካል ያረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ ቦታው ከውኃው ጠርዝ ስንት ሜትር ይርቃል? በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ወይም በፈር ዞን ተብሎ የተያዘ ከሆነ፣ ዛሬ የተሠራው ነገ ይፈርሳል። ያኔ ደላላው ስልኩን ይዘጋል፤ የምናለቅሰው እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ወደ ውኃው በየት ያልፋል? «እናስብበታለን» መልስ አይደለም። ንድፉ ላይ መንገዱን በጣት ያሳዩን።

አራተኛ፣ ከዚያ የሚነሳ ሰው አለ ወይ? ዓሣ አጥማጅ፣ ታንኳ ሠሪ፣ ጉልት የምትቸረችር እናት ካለች፣ ምን ተደረገላቸው?

ለነዚህ መልስ ካገኘን፣ አንድ ተጨማሪ ነገር እንጠይቅ። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ «የውኃው ዳር መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ» የሚል አንቀጽ ይግባ። «የቤት ሠራተኞች ናችሁ፣ ምን አገባችሁ?» የሚለን ቢኖር፣ ባለ ሼር ሊያደርጉን ሲፈልጉ እንደዚያ እንዳላሉን እናስታውሳቸው።

አንዳንዶቻችሁ «አንቺ፣ እኛ ስንት ችግር እያለብን ስለ ሐይቅ ታወሪያለሽ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ችግራችን ብዙ ነው። ግን ይህ ገንዘብ የጀርባችን ሕመም ነው፣ ያልተኛንበት ሌሊት ነው። አንድ ቀን ሁላችንም እንመለሳለን። ያኔ ሻንጣችንን አስቀምጠን መጀመሪያ የምንሄደው የት ነው? እኔ ጣና ዳር ነው። በር ላይ ቆሜ የመግቢያ መክፈል አልፈልግም፤ በር ላይ የሚያስከፍልም መሆን አልፈልግም።

ለሻጮቹ አራቱን ጥያቄ በጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ። እስከ ቀጣዩ ስብሰባ መልስ ከሰጡኝ እዚሁ አምጥቼ አነብላችኋለሁ። ካልመለሱ ስሜን እሰርዛለሁ። የተመዘገባችሁ እህቶችም እስከዚያ ድረስ እንዳትከፍሉ አደራ እላለሁ። የከፈላችሁ ደግሞ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ወደኔ ኑ፣ አብረን እንጠይቃለን። የተለየ ሐሳብ ያላት ትናገር፤ ልታርሙኝ ትችላላችሁ።