የእናቴ ውርስና የደሜ ቁጥር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እናቷን በስኳር ሕመም ያስታመመች ልጅ ነኝ። የምነግራችሁ ከዚያ ያየሁትንና የጤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

የእናቴ ሕመም የታወቀው እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል ነው። ከዚያ በፊት ሌሊት ለሽንት ደጋግማ ትነሳ ነበር፤ ውኃም ይጠማት ነበር። እኛ «ዕድሜ ነው» አልን። ከታወቀ በኋላም ደበቅነው። ሴቶች ልጆች ስለነበርን «ዘራቸው ስኳር አለበት» ተብሎ ጋብቻ እንዳይቀርብን ተፈራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

እናቱ ወይም አባቱ ዓይነት ሁለት የሚባለው ስኳር ያለበት ሰው፣ በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ሕመሙም ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ነገሩን የሚያሳየን የደም ምርመራ ነው።

አንደኛው ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ የሚሰጥ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን ከ110 ይጀምረዋል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው።

ሁለተኛው ኤ ዋን ሲ ይባላል። ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱም ሦስት ወር ያህል ስለሚኖር ምርመራው የዚያን ጊዜ ሒሳብ ያሳያል። ከ5.7 በመቶ በታች ደህና፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ለዚህኛው መጾም አያስፈልግም። ደም ማነስ ግን ቁጥሩን ሊያዛባው ስለሚችል፣ ያለባችሁ ቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባችሁም ከወለዳችሁ በኋላ መመርመራችሁን አትተዉ።

እኔ ስመረመር 112 ሆነ። አለቀስኩ። ነርሷ «ምን ያስለቅስሻል? ሳይመሽብሽ ደርሰሻል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ቅድመ ስኳር ካለባቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል አመጋገባቸውን አስተካክለው ክብደት የቀነሱትና በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል የተንቀሳቀሱት፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል።

እኔም ለቡናዬ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ስኳር ተውኩ። እንጀራውን ቀንሼ ጎመኑንና ሽሮውን አበዛሁ። ገበያ በባጃጅ መሄድ ትቼ በእግሬ ወጣሁ። በዓመቱ ቁጥሬ 98 ሆነ። አሁንም በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ ውርሱ አለና።

«ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የምትሉም አላችሁ። በጎንደር አካባቢ የሠሩ ሐኪሞች ግን ከገጠር የመጡ፣ ቀጭንና ድሃ የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕሙማን እንዳሉ ጽፈዋል። ስለዚህ ቅጥነት ዋስትና አይደለም፤ ክብደት መቀነስም ለሁሉም አይመከርም።

ውጤቴን ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ነገርኩ። ታናሽ እህቴ ምንም ሳያማት ተመርምራ ስኳር ተገኘባት፤ ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ሥራዋን ትሠራለች። ታላቅ ወንድሜ ግን «ሟርት አታውሪ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። እስከ ዛሬ አልተመረመረም። በየበዓሉ ስንገናኝ የማየው እግሩን ነው።

እህቶቼ፣ ዕድራችን ለቀብር ያዋጣል፤ መልካም ነው። ከዚያው ጎን ለምርመራም ጥቂት እናዋጣ። በቤተሰቧ ስኳር ያለባት ሁለት ሁለት ሆና ትሂድ፤ አቅም ያነሳትን ማኅበሩ ይክፈልላት። ለምትረዱን ወዳጆችም ጥያቄያችን ይኸው ነው። ውጤቷን ለማን እንደምትነግር የራሷ ፈንታ ነው፤ ለልጆቿ ግን ባትደብቅ እመክራለሁ።