ዝም ማለት የሚያውቅ መኪና
የዋትሰን ግጥሚያ በጄፐርዲ መድረክ ለመሐንዲሶች ያለው ትምህርት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 14 እስከ 16 ቀን 2011 ባሉት ሦስት ምሽቶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የጥያቄና መልስ ግጥሚያ ለመዝናኛ የተሰናዳ ቢሆንም፣ ለመሐንዲስ ከመዝናኛነት ያለፈ ትምህርት ይዟል። በአንድ ወገን የተሰለፉት በዚያ ውድድር ታሪክ እጅግ የታወቁ ሁለት አሸናፊዎች ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን የቆመው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠርቶ ዋትሰን ብሎ የሰየመው ኮምፕዩተር ነበር። ኮምፕዩተሩ ማሸነፉን ብዙ ሰው ያውቃል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ድሉን መተረክ ሳይሆን፣ በድሉ መካከል የተፈጸመ አንድ ስሕተት ስለ ምሕንድስና ሙያ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩና ተወዳዳሪዎቹ

ጄፐርዲ የተባለው ፕሮግራም በመርቭ ግሪፈን ተፈጥሮ በ1964 በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ መታየት ጀመረ። ከ1984 ጀምሮም አሌክስ ትሬቤክ በ2020 እስካረፉ ድረስ መርተውታል። የጨዋታው አካሄድ ከተለመደው የተገለበጠ ነው፤ ይኸውም መሪው ፍንጩን በመግለጫ መልክ ያነባል፣ ተወዳዳሪው ደግሞ «ማን ነው?» ወይም «ምንድን ነው?» በሚል የጥያቄ መልክ ይመልሳል። ፍንጮቹም እንደ ሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም ባላቸው ቃላት የተሸመኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ትክክል ለመለሰ የፍንጩ ዋጋ ይጨመርለታል፤ ለሳተ ግን ያንኑ ያህል ይቀነስበታል። ስለዚህ በጄፐርዲ መድረክ መመለስ ብቻ ሳይሆን፣ ባላወቁት ነገር ዝም ማለትም ራሱን የቻለ ብልሃት ነው።

ኬን ጄኒንግዝ የተባሉት የሶፍትዌር መሐንዲስ በ2004 ዓ.ም. 74 ጊዜ በተከታታይ አሸንፈው 2,520,700 ዶላር ወስደዋል። ብራድ ራተር ደግሞ እስከዚያ ግጥሚያ ድረስ በዚህ መድረክ በሰው ተሸንፈው አያውቁም ነበር። ዋትሰን የተደቀነባቸው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

የመኪናው አሠራር

በዴቪድ ፈሩቺ የሚመራው የአይ.ቢ.ኤም. ቡድን ሥራውን በሰፊው የያዘው በ2007 ነው። ቀደም ብሎ በተደረገው ፈተና መኪናው በትክክል የመለሰው ከመቶ ፍንጮች 15 ያህሉን ብቻ ነበር። በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሲሠራም ለአንድ ፍንጭ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። ለውድድር የቀረበው ዋትሰን ግን 90 ሰርቨሮችና 2,880 የፕሮሰሰር እምብርቶች ያሉት ሆኖ፣ መልሱን በሦስት ሴኮንድ ገደማ ያደርስ ነበር። 200 ሚሊዮን ገጽ የሚያህል ጽሑፍ በውስጡ ይዟል፤ በውድድሩ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር በብዛቱ ላይ ሳይሆን በአመዛዘኑ ላይ ነው። መኪናው ፍንጩን ከተነተነ በኋላ አንድ መልስ አይፈልግም፤ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ መልሶችን ይደረድራል። ለእያንዳንዱ መልስ ደጋፊና ተቃራኒ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ማስረጃውንም በብዙ ዓይነት የስሌት ዘዴ ይመዝናል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ መልስ የእርግጠኝነት መጠኑን ከመቶ ይሰጣል። መጠኑ ከተወሰነው ገደብ ካለፈ የደወሉን ቁልፍ ይጫናል፤ ካላለፈ ዝም ይላል። ይህ ገደብ፣ በእንፋሎት ጋን ላይ እንዳለው የአደጋ መከላከያ ቫልቭ፣ መኪናውን ከራሱ ስሕተት የሚጠብቅ ነበር።

የግጥሚያው ሂደት

ግጥሚያው የተቀረጸው ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በዮርክታውን ሃይትስ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ነው። በመጀመሪያው ምሽት ፍጻሜ ዋትሰንና ራተር በ5,000 ዶላር እኩል ሲሆኑ፣ ጄኒንግዝ 2,000 ነበራቸው። በሁለተኛው ምሽት ግን ዋትሰን ርቆ ሄደ።

ይህ ሁሉ የዕውቀት ብልጫ ብቻ አልነበረም። በጄፐርዲ ደንብ መሪው አንብቦ ሳይጨርስ ቁልፉን የተጫነ ሰው ለሩብ ሴኮንድ ይታገዳል። ሰዎቹ የንባቡን አካሄድ ተከትለው ጊዜውን ይገምታሉ፤ ዋትሰን ግን ቁልፉ መከፈቱን በኤሌክትሪክ ምልክት ያውቅ ነበር። የፕሮግራሙ አዘጋጆች እንደ ሰዎቹ ቁልፉን በአካል ይጫን ብለው ስለጠየቁ ሜካኒካዊ ጣት ተሠራለት፤ ያም ሆኖ ፍጥነቱ አልተደረሰበትም። እንግዲህ ግጥሚያው የለካው ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን የአውራ ጣትን ፍጥነት ጭምር ነው። ማንኛውም ፈተና የሚለካው አዘጋጁ ይለካል ያለውን ሳይሆን፣ አሠራሩ የሚያስለካውን መሆኑን መሐንዲስ ሊዘነጋው አይገባም።

መኪናው ጆሮም አልነበረውም፤ ፍንጮቹ የሚደርሱት በጽሑፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጄኒንግዝ ስለ አንድ ዘመን ተጠይቀው «ሃያዎቹ» ብለው ከሳቱ በኋላ፣ ዋትሰን «1920ዎቹ» ሲል ያንኑ ስሕተት ደገመው። በ1904 የወርቅ ሜዳልያ ስላገኘው ጂምናስቲከኛ ስለ ጆርጅ አይዘር የአካል ልዩነት ሲጠየቅም «እግር» ብሎ መለሰ። ቃሉን አግኝቶታል፤ ነገር ግን የተፈለገው መልስ እግሩን ያጣ ስለ መሆኑ ስለ ነበር ዳኞቹ አልተቀበሉትም።

የቶሮንቶ ነገር

ዋናው ጉዳይ የደረሰው በመጀመሪያው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር ነው። ርዕሱ «የአሜሪካ ከተሞች» ይላል። ፍንጩም ትልቁ የአውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ጦርነት በተደረገ ውጊያ የተሰየመላትን ከተማ ይጠይቃል። ኦሄርና ሚድዌይ የሚገኙባት ቺካጎ ናት፤ ሁለቱም ሰዎች ይህንኑ ጻፉ። ዋትሰን ግን በካናዳ የምትገኘውን ቶሮንቶን ጠራ፤ ከስሟም ኋላ አምስት የጥያቄ ምልክቶች ተደረደሩ። በኢትዮጵያ የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ዋትሰንም እንደዚያው የሰጠ ይመስል ነበር።

ተመልካቹ ሳቀ። ሆኖም ጉዳዩ ሲመረመር ነገሩ ከሳቅ በላይ ነው። ለቶሮንቶ የነበረው እርግጠኝነት ከመቶ 14፣ ለቺካጎ ደግሞ ከመቶ 11 ብቻ ነበር። ሁለቱም ከገደቡ እጅግ በታች ናቸው። ይህ ፍንጭ በተራው ዙር መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዋትሰን ቁልፉን ሳይነካ ያሳልፈው ነበር። በመጨረሻው ዙር ግን ዝምታ እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር መመለስ ግድ ሆነበት፤ ቫልቩ ተዘጋ ማለት ነው። ማስያዣው የሚወሰነው ርዕሱ ብቻ ታውቆ፣ ፍንጩ ሳይታይ በመሆኑ፣ ከነበረው 36,681 ዶላር ያስያዘው 947 ብቻ ነበርና ጉዳቱ አነስተኛ ሆነ።

በሦስተኛው ምሽት ግጥሚያው ሲያበቃ ዋትሰን 77,147፣ ጄኒንግዝ 24,000፣ ራተር 21,600 ዶላር አስመዘገቡ። አይ.ቢ.ኤም. የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማቱን በሙሉ፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ የየድርሻቸውን እኩሌታ ለበጎ አድራጎት ሰጡ።

ከድሉ በኋላ

ከዚያ ወዲህ ዋትሰን ሐኪሞችን ይረዳል የሚል ታላቅ ተስፋ ተነገረ። በቴክሳስ በአንድ የታወቀ የካንሰር ሆስፒታል የተጀመረው ሥራ ግን ከ62 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት መቋረጡን በ2017 የወጣ የኦዲት ሪፖርት ገለጸ። በ2022 ኩባንያው የጤና ክፍሉን ዋና ሀብቶች ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ።

ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። የጄፐርዲ ፍንጭ አንድ የታወቀ መልስ አለው፤ መልሳቸው የሚታወቅ አያሌ የቀድሞ ፍንጮችም ነበሩ። የዋትሰን «ከመቶ ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» ማለት እምነት የሚጣልበት፣ በእነዚህ ላይ ተፈትኖ የተስተካከለ መለኪያ ስለ ነበር ነው። ሚዛን በታወቀ ክብደት ሳይፈተን ዕቃ አይመዘንበትም። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ግን የሐኪሙ ማስታወሻ የተበታተነ፣ ትክክለኛውም ውሳኔ በባለሙያዎች መካከል የሚያከራክር ነው፤ መለኪያውን የሚያስተካክል የታወቀ ክብደት በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ ይመለከተናል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ለማንኛውም ጥያቄ በተዋበ ዓረፍተ ነገር የሚመልሱ የኮምፕዩተር ፕሮግራሞች በየጠረጴዛው ገብተዋል። ሲያውቁም ሲስቱም የአነጋገራቸው ቃና አንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመልሳቸው ኋላ ከመቶ ስንት የሚል ቁጥር፣ ወይም አምስት የጥያቄ ምልክት አይታይም።

ነገር ግን ወቀሳው ለመኪና ብቻ የሚተው አይደለም። የአፈር ምርመራው ሳይጠናቀቅ የመሠረቱን ጥልቀት ነገ ጠዋት እንዲያቀርብ የታዘዘ መሐንዲስ የቆመው በዚያው በመጨረሻው ዙር ነው። ዝም ማለት እንደ ድክመት ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ ይፈርማልም። ልዩነቱ ዋትሰን ያጣው 947 ዶላር ሲሆን፣ በሕንጻ ላይ ግን ማስያዣው የሰው ሕይወት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት ከዚህ ግጥሚያ ሊይዙት የሚገባው ሁለት ነገር ነው። የበታች ባለሙያ «ገና አላረጋገጥሁም» ሲል ቃሉ እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ሥራ ውጤት ይቆጠርለት። ግምት መስጠት ግድ በሆነበት ጊዜም ግምቱ ግምት መሆኑ ከነልኩ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ዋትሰን ቶሮንቶ ብሎ ሲሳሳት እንኳ ጥርጣሬውን አልደበቀም፤ ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ ከዚህ ያነሰ ሊጠበቅበት አይገባም።