ሰዓቷ የራሷ ናት
(በማኅበራችን የወላጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በወላጆች ፊት ለመናገር ትንሽ ያሳፍራል። ስለ ጡት ማጥባት ነው። ሐሳቡ በስብሰባችን ሲቀርብ እኛ ወንዶቹ አንገታችንን ደፍተን ነበር። የአንዷን አባላችንን እኅት ታሪክ ከሰማን በኋላ ግን ዝም ማለቱ ይበልጥ አሳፈረን።

ይህች እኅታችን በቃብላን በኩል ተቀጥራ ሙሉ ቀን ቢሮ ታጸዳለች። ከወሊድ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ አራት ወር አልሞላውም። ወተቷን የምታልበው መወልወያና ኤኮኖሚካ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። በሩ አይቆለፍም። አለቃዋ ያንኳኳና «አልጨረስሽም?» ይላታል። ስለዚህ ተወችው። ጡቷ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት፣ ቀስ በቀስም ወተቷ ደረቀ። «ለምን አልተናገርሽም?» ስንላት «ምን ብዬ? ይሉኝታ ያዘኝ» አለችን። በቀን አንድ ሰዓት በሕግ እንደሚገባት ያወቀችው ልጇ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

በእሷ አልፈረድንም። አያቶቻችን በጎንደር ገጠር ወንድ ሲወልዱ 40 ቀን፣ ሴት ሲወልዱ 80 ቀን በአራስ ጎጆ ይቆዩ ነበር፤ ምግቡም ከቤት ይመጣላቸዋል። ወደ ሥራ ሲመለሱ ልጁ በአንቀልባ ጀርባቸው ላይ ነው። ሲያለቅስ አውርደው ያጠቡታል፣ በቃ። ለማጥባት ማንን ያስፈቅዳሉ? እዚህ ግን ልጁ መዖን ይውላል፣ እናቱ ሌላ ከተማ ትሠራለች፣ መጠየቅ ግድ ሆነ። ከቤታችን ያልተማርነው ይህንን ነው።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? የሴቶች የሥራ ሕግ ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። አንዲት እናት የወሊድ ፈቃዷ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ለ4 ወር በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሥራ ትቀራለች፤ ደመወዟ አይቆረጥም። ዱሮ «ሻአት ሀናካ» ትባል ነበር፣ አሁን «ሻአት ሆሩት» ነው የምትባለው። ጡት አጥቢም በጡጦ አሳድጊ፣ ሰዓቷ ያንቺ ናት፤ «እያጠባሽ መሆኑን አረጋግጪ» የሚልሽ ቢኖር አትስሚው። ስሟ የተለወጠውም አባትም በእናቲቱ ፈንታ ሊወስዳት ስለሚችል ነው። አባቶች፣ ይህቺን ልብ በሉልን!

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ አራቱ ወር የሚቆጠረው የወሊድ ፈቃዱ ካለቀበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ደመወዝ ቤት የተቀመጠች እናት ሰዓቷ እየተበላባት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛን በጣም የሚያናድደን ነው፦ መብቱ ሙሉ ሥራ ላላት ብቻ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ጠርጋ ማታ ሌላ ቦታ የምታጸዳ እናት ከማንም በላይ ትደክማለች፣ ግን በሁለቱም ቦታ «ግማሽ» ተብላ ሰዓቷን አታገኝም። ይህ ስሕተት ነው እንላለን፣ ሊለወጥም ይገባል። እስከዚያው እንደነዚህ ያሉት እናቶች ቢያንስ በሐፍሳካቸው ንጹሕና የሚዘጋ ክፍል ይጠይቁ። ሽንት ቤት ውስጥ እንጀራ የሚበላ አለ? የሕፃንም ምግብ እዚያ አይታለብም። የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ከምሳ ዕቃዋ ጎን ማስቀመጥ ትችላለች፣ ነውር የለበትም።

«ብጠይቅ ያባርሩኛል» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን። ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች እስከ 60 ቀን ድረስ አሠሪ ሊያባርራት በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ቶሎ መጠየቅ ይሻላል፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

እዚህ ላይ ሥራው የእኛ የወጣቶቹ ነው። የእናቶቻችንን ደብዳቤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናነብ አድገናል፤ የባንኩን፣ የቢቱዋህ ለኡሚውን፣ የኩፓት ሆሊሙን። የእኅታችንን ተሉሽ ማየትስ ምን ያቅተናል? ለአሠሪ የሚላክ አጭር ጽሑፍ በዕብራይስጥ አዘጋጅተናል፤ በዋትሳፕም ይሄዳል። ስምና ቀን ብቻ ነው የሚጨመርበት። መውጫው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። በወንድ ፊት መናገር የሚከብዳት እናት ካለች፣ ሁለት እኅቶቻችን ቡናው ጋ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ተሉሽ የያዛችሁ አሁኑኑ አሳዩን።