የትውልድን ሐረግ መርምሮ በመጽሐፍ ስለ ማኖር
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የኢዮቤልዩ ሥርዐት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋል፤ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ ይመለሳል። ይህን ሥርዐት ላስተዋለ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ርስቱን የሸጠው ሰው መለከቱ ሳይነፋ ቢሞትና የልጅ ልጁ ብቻ ቢቀር፥ ያ የልጅ ልጅ የማን ዘር እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? የትውልዱ ቁጥር በቃል ያልተጠበቀለት ወይም በመጽሐፍ ያልተጻፈለት ሰው የመለከቱን ድምፅ ይሰማል እንጂ የሚመለስበትን ደጅ አያውቀውም።

መጽሐፈ ዕዝራም በ2ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ያስረዳል። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል የካህናት ልጆች ነን የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን የትውልዳቸውን መጽሐፍ ፈልገው ስላጡት ከክህነት ተከለከሉ። ምናልባት እውነተኛ የአሮን ልጆች ነበሩ ይሆናል። ነገር ግን ደማቸው አልመሰከረላቸውም፤ የሚመሰክርላቸው መጽሐፍ ነበረ፥ እርሱም በምርኮ ጠፋ።

በበጌምድር የአባቶችን ስም ሲጠብቁ የኖሩ ሦስት ዘበኞች ነበሩ። የመጀመሪያው ርስት ነው። በዚህ አገር ርስት በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናት በኩልም ይወረስ ነበር። ወንዱም ሴቲቱም ከአቅኚው አባት መወለዳቸውን በሽማግሌ ምስክር ካስረዱ ድርሻ ይገባቸዋል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ የፋርጣ ወይም የእስቴ ገበሬ እንኳ የአባቱን አባት፥ የእናቱንም እናት እስከ ላይ ድረስ አጥርቶ ይቆጥር ነበር፤ አንድ ስም የዘነጋ ሰው አንድ ማሳ ሊቀርበት ይችላልና። የርስት ሙግት ወንድምን ከወንድም ያጣላ ክፉ ነገር ነበር፤ ነገር ግን የሙታንን ስም በሕያዋን አፍ አቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ። መሬት ላልነበረው ጭሰኛ ታላቅ ደስታ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አባት ልጁን ምሽት ምሽት አስቀምጦ ሐረጉን የሚያስጠናበት ጥቅም ቀረ። ዘበኛው ተሰናበተ፤ በርሱ ፋንታ ሌላ አልተሾመም።

ሁለተኛው ዘበኛ ጋብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ ነገር ግን ደክሟል። ከፋርጣ የሄደ ጐልማሳና ከጋይንት የሄደች ቈንጆ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ተዋውቀው ለመጋባት በቈረጡ ጊዜ፥ የሚቈጥርላቸው ሽማግሌ በሩቅ አገር ነው፤ ወይም አርፏል። እንግዲህ ቁጥሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታሰብ። አንድ ሰው 2 ወላጆች፥ 4 አያቶች፥ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ደረጃ 128 ይሆናሉ፤ ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ 254 ናቸው። ይህን ሁሉ ያለ ጽሕፈት በልብ የሚይዝ ሰው ዛሬ ከወዴት ይገኛል?

ሦስተኛው ዘበኛ ቤተ ክርስቲያን ናት። ልጅ በ40 ቀን፥ ልጂቱ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ የክርስትና ስም ይወጣል፤ ሰው ሲሞት በዚያ ስም ይፈታል፥ ተዝካሩም ይወጣል። በብራና መጻሕፍት ኅዳግም የመሬት ስጦታ፥ የውርስ ቃል፥ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። ይህች ሦስተኛዪቱ ዘበኛ ገና በሥራዋ ላይ ስላለች፥ የሁለቱን ድካም መሸከም ለርስዋ ይገባል። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትንና ጋብቻን፥ ፍችንና ሞትን እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ የሚወለደውን ይመዘግባል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ቅድመ አያትን አይጠይቅም።

እንግዲህ ትውልዱን ሊመረምር የሚወድ ሰው ሥራውን በምን ሥርዐት ይጀምር?

አስቀድሞ ከራሱ ይጀምር። ብዙ ሰው ከንጉሥ ወይም ከስመ ጥር መኰንን ጀምሮ ወደ ራሱ ለመውረድ ይቸኩላል፤ ይህ ግን ጣራውን ከመሠረቱ በፊት እንደ ማቆም ነው። የራሱን፥ የወላጆቹን፥ የአያቶቹን ስም፥ የተወለዱበትን ደብርና ዓመት ይጻፍ፤ ያወቀውን ከጨረሰ በኋላ ወደማያውቀው ይውጣ። ከዚያም ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይጠይቅ፤ ከሁሉ ይልቅ አሮጊቶችን፥ የእናት ወገን በእነርሱ ዘንድ ይገኛልና። ሁለት ሽማግሌዎችን በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ አይጠይቅ፤ ታናሹ ታላቁን አክብሮ የሚያውቀውን ይውጠዋል። እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቅ፤ ማን፥ መቼ፥ ወዴት እንደ ነገረው ከቃሉ በታች ያኑር። ቃላቸው ቢለያይ ሁለቱንም ይጻፍ እንጂ ከልቡ አንዱን መርጦ ሌላውን አይፋቅ።

ይህን ሥራ በአገራችን በመልካም የፈጸመ ልጅ አለ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው፥ መጽሐፈ ትዝታ ብለው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙት። ልጅ አባቱን በሕይወት ሳለ ስለ ጠየቀ፥ የአንድ ሊቅ ዕድሜ ለአገር ሁሉ ርስት ሆነ። ከዚያ አስቀድሞም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የብዙ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሰብስበው ለሚመጣው ትውልድ አኑረዋል።

ሁለተኛ፥ ስምን ይጠንቀቅ። ያገራችን ሰው የዓለም ስም አለው፥ የክርስትና ስም አለው፤ ጦረኛ የሆነ እንደ ሆነ የፈረስ ስምም ይጨመርለታል። በዚች በደብረ ታቦር የተቀመጡት ሁለት ነገሥታት ሁለቱም አስቀድመው ካሣ ይባሉ ነበር። አንደኛው ካሣ ኃይሉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ናቸው፤ ሁለተኛው ካሣ ምርጫ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፥ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ናቸው። በነገሥታት እንዲህ ያለ መመሳሰል ካለ፥ በአንድ ቀበሌ ስንት ወልደ ማርያም፥ ስንት ወለተ ሚካኤል ይገኛል? በግብር ደረሰኝ የተጻፈው የዓለም ስም፥ በብራናው ኅዳግ የተጻፈው የክርስትና ስም የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች ከአባትና ከእናት ስም ጋራ፥ ከደብሩም ስም ጋራ በአንድ መስመር ይጻፉ። በባሕር ማዶ የሚኖሩት ልጆቻችን የአያታቸው ስም ለቤተ ሰቡ ሁሉ የማይለወጥ መጠሪያ ሆኖባቸዋልና፥ ከአባት ወደ አባት የሚወጣው መሰላል በእነርሱ ዘንድ ይቆማል፤ ለእነርሱ የተጻፈ ሐረግ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛ፥ ዘመንን ይመርምር። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ባያውቅ ወንጌላዊውን ያውቃል፤ የሆነውንም ነገር ያስታውሳል። ድርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለበት 1880፥ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ክፉ ቀን፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዐድዋ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ፥ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም የወደቁበት መጋቢት 22 ቀን 1922፥ የጠላት ዘመን፥ እነዚህ ሁሉ እንደ ድንበር ድንጋይ ናቸው። ምሳሌ፤ አንዲት እናት «ወንድሜ የተወለደው በኅዳር በሽታ ዓመት ነው» ብትል፥ ሌላዪቱም «በዘመነ ሉቃስ ነው» ብትል፥ ጸሐፊው እንዲህ ያስላ። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ነው። 5500 ዓመተ ዓለም ሲጨመርበት 7411 ይሆናል፤ ለ4 ቢካፈል 3 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፥ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነውና፥ የሁለቱ ምስክርነት ተስማማ። ባይስማማ ግን ከሁለቱ አንዷ ተሳስታለችና ሦስተኛ ምስክር ይፈለግ።

አራተኛ፥ የጻፈውን በሥርዐት ይደርድር። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይስጥ። ለራሱ 1፥ ለአባቱ 2፥ ለእናቱ 3 ይበል። ከዚያ በላይ የማናቸውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቲቱም እጥፉ ላይ አንድ የተጨመረበት ናት። የ5 ቁጥር አባት 10፥ እናቱ 11 ማለት ነው። ከራሱ በቀር ሙሉው ቁጥር ሁሉ ወንድ፥ ጎደሎው ሁሉ ሴት ይሆናል። ይህን አቈጣጠር ሚካኤል አይዚንገር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል፤ ለአገራችንም እጅግ ይስማማል፥ እናትን እንደ አባት እኩል ይቆጥራልና። ስሙ ያልታወቀ ሰው ቢኖር ቁጥሩ ባዶውን ይቀመጥ፤ ባዶ ስፍራ ነውር አይደለም፥ በውሸት የተሞላ ስፍራ ግን ነውር ነው።

ይህም ነገር ወደ ጕዳዩ ልብ ያደርሳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በመጀመሪያው መልእክት ፍጻሜ ከሌለው የትውልድ ታሪክ እንዲርቁ ያስጠነቅቃል። የከለከለው ግን ትዕቢትንና ክርክርን ነው እንጂ አባትን ማክበርን አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ኮሶ የምትሸጥ ሴት ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ ከነገሡ በኋላ ግን ከነገደ ሰሎሞን የሚያደርስ ቁጥር ተነገረላቸው። ሰው ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ስለዚያ ቁጥር ነውን? አይደለም፤ ስለ ሥራቸው ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ፤ አገር ሁሉ በርሱ ይመካል። ነገር ግን ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዪቱን፥ ሸማኔውን «ቡዳ» ብሎ የሚሰድብ አፍ በዚሁ አገር ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልተዘጋም። በመድፉ ተመክቶ በቀጥቃጩ ማፈር እንዴት ይሆናል? ከአያቱ አንዱ ቀጥቃጭ ቢሆን ቀጥቃጭ ብሎ ይጻፍ። በየቤቱ ባሪያ ተብላ የኖረች፥ ልጅም ወልዳ ስሟ ከሐረጉ የተፋቀ እናት ብትኖር ስሟ በስፍራው ይመለስ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በሐረጋችን ግን ስሟ ተፍቆ ሳለ ያች እናት ገና ነጻ አልወጣችም። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ልደት ሲቈጥር ትዕማርን፥ ረዓብን፥ ሩትን፥ የኦርዮንም ሚስት አልሸሸገም። እግዚአብሔር ያላፈረበትን ሰው አይፈር።

ነገር ግን እውነትን መጻፍ ሌላ፥ በሕያው ሰው ምሥጢር አደባባይ መውጣት ሌላ ነው። በሕይወት ያለውን ሰው የሚያሳዝን ነገር ቢገኝ በተለየ ቅጠል ተጽፎ፥ ታሽጎ በቤተ ሰቡ ሽማግሌ እጅ ይቀመጥ፤ ንስሓ ደግሞ ለነፍስ አባት የተነገረ ነውና በማናቸውም መዝገብ አይግባ።

አምስተኛ፥ የተጻፈው በአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ሠራዊት ብዙውን ወሰደ፤ 350 ያህሉ ዛሬ በሎንዶን ይገኛል። በእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፈው የአባቶች ስም ግልባጭ በአገሩ ቢኖር ኖሮ፥ ብራናው ቢሄድ ስሙ አይሄድም ነበር። ስለዚህ ሦስት ግልባጭ ይሁን፤ አንዱ በቤት፥ አንዱ በሩቅ በሚኖር ዘመድ እጅ፥ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃልም፤ ወረቀት ደግሞ አብሮ ይኑር። በአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹ ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የባዕድ ፊት ነውና።

ደብረ ታቦር ስም ምን እንደሚያቆይ ከራስዋ ታውቃለች። የአለቃ ገብረ ሐና አቋቋም በልጃቸው ስም «ተክሌ» ተብሎ ይጠራል፤ ካህናቱ በዘመሙ ቍጥር አባትና ልጅ አብረው ይታሰባሉ። ያልዘመመና ያልተቀኘ፥ አርሶና ፈትሎ ያለፈ አባትና እናት ግን ከመዝገብ በቀር የሚያስታውሳቸው የለም። ሽማግሌዎቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ በዓል ሲፈጸም በየቤቱ አንድ ቅጠል ይጻፍ፤ የራስ፥ የ2 ወላጆች፥ የ4 አያቶች፥ የ8 ቅድመ አያቶች፥ በሁሉም 15 ስሞች። እስከሚመጣው ነሐሴ 13 ቀን፥ እስከ ደብረ ታቦር በዓል ድረስ ለቄሰ ገበዙ ይሰጥ፤ እርሱም በአንድ መዝገብ አስጠርዞ በዕቃ ቤት ያኑረው። በዚያ በዓል በተራራው ላይ ሙሴ ከሙታን፥ ኤልያስ ከሕያዋን መጥተው በጌታ ፊት በአንድነት ቆመዋል። የዚህም ደብር ሙታንና ሕያዋን በአንድ መዝገብ ይቁሙ። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ያለው ሰው ግን ነሐሴን አይጠብቅ፤ ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።